አንዲት ትርፍ ምት

ነሐሴ 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እግርዎን ስሜ እንዴት ከረሙ እላለሁ። ያ ሐምሌ በገባ ቁጥር ጉልበትዎ ላይ የሚነሣው ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረዎት? ዓይንዎስ? ድጓውን አሁንም ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ከአፍንጫዎ አስጠግተው ነው የሚያነቡት? የዲማ ብርድ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። ጋቢ ደርቡ የሚልዎ፣ በጾሙም ቢሆን የተልባ ፍትፍት የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሌለ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላው ጥፋት ሁሉ የእኔ እንደሆነው።

ደብዳቤ ሲጻፍ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው የደብራችን ሰው ስንት ዓመት ስጽፍለት ኖርሁ! እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ተብሎ ይጻፋል። እጄ ለምዶታልና ሊጽፈው ዳድቶት ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፣ የኔታ። ስለዚህ መስመሩን ዘለልሁት። መስመር የዘለለ ተማሪ እርስዎ ዘንድ ምን እንደሚቀምስ አውቃለሁ፤ አሁን ቢያቀምሱኝ እንዴት በወደድሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ፤ እርስዎ ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም። ጥር አሥራ አንድ ቀን፣ በወረቡ መካከል፣ ከበሮው ላይ የጨመርኋት ያቺ አንዲት ምት ከየት እንደመጣች ነግሬዎት አላውቅም። እርስዎም ጠይቀውኝ አያውቁም። በእሷ ምክንያት ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር ተነጠቁ፤ እኔ ደግሞ ትንፍሽ ሳልል ያንኑ ወንበር ልወርሰው ትንሽ ቀረኝ። ዛሬ ሁሉንም እናገራለሁ። ተናግሬ ስጨርስ ልጄ አይደለህም ቢሉኝ አልፈርድብዎትም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። የደብራችን ትልቁ ከበሮ ጠፍሩ ላልቶ፣ ወደ ከበሮ ሠሪው ወደ አንሙት ወስደህ አስጠፍር ብለው የላኩኝ እርስዎ ነዎት። አንሙት ግቢ ስደርስ ሁለት ረጃጅም ከበሮዎች ቆመው አየሁ፤ ከዋንዛ የተፈለፈሉ፣ ቆዳ የተወጠረባቸው በአንድ ወገን ብቻ። ምነው አንሙት፣ ሌላኛው ፊቱ የት ገባ አልሁት። ያዘዘኝ ሰው እንዲህ አድርግልኝ አለኝ፣ እኔን ምን ገዶኝ አለኝ። ያን ጊዜ የትርጓሜ አዋቂ ሆኜ ተገተርሁ። ትልቁ ፊት የመለኮት፣ ትንሹ ፊት የትስብእት ምሳሌ ነው፤ አንዱን ፊት የነሣው ይህ የመናፍቅ ከበሮ ነው ብዬ ሳቅሁ። ስስቅ ያዘዘው ሰውዬ ከኋላዬ ቆሟል።

አበረ ይባላል። ከተማው ኩባው ነው የሚለው። አባቱ ኦጋዴን ላይ ሲሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ያን ጊዜ መንግሥት የወታደር ልጆችን በመርከብ ጭኖ ኩባ ሲልክ እሱም ተላከ። አሥራ ሦስት ዓመት እዚያ ኖሮ፣ የእርሻ ትምህርት ተምሮ ሲመለስ የላከው መንግሥት የለም፣ እናቱም የለችም። ደብረ ማርቆስ ላይ ካሴት ቤት ከፍቶ ተቀመጠ። አማርኛው የልጅ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ሲናደድ የሚሳደበው በዚያኛው ቋንቋ ነው። እኔ ስስቅበት ግን አልተናደደም። አንዱን ከበሮ ወስዶ በሁለት ጭኑ መካከል አቆመውና በመዳፉ ይመታው ጀመር። የኔታ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ? አሥራ ሁለት ዓመት ከበሮ ስመታ ኖሬ፣ ከበሮ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ላስጠፍር የወሰድሁትን ከበሮ እዚያው ረስቼው ልሄድ ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ካሴት ቤቱ ጓዳ መዋል ጀመርሁ። ለእርስዎ ግን የታመመ ዘመድ ልጠይቅ እያልሁ ነበር የምወጣው። አንድ ሰው አራት ወር ሙሉ እንዴት ይታመማል ብለው አልጠየቁኝም፤ ምሕረቱን ያምጣለት እያሉ ይሰዱኝ ነበር። በሬ ወለደ እንደማለት ነው፤ እኔ ግን አመኑኝ እያልሁ በሆዴ እኮራ ነበር። አይ እኔ!

አበረ ግድግዳው ላይ ሰፊ ካርቶን ሰቅሏል። የአሥራ ሁለቱ ወር ስም ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፤ ወሩ ሲያልቅ፣ በዚያ ወር ከሰማው ሁሉ የበለጠበትን ዘፈን ከወሩ ስም አጠገብ ይጽፋል። አዲስ አበባ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር በየሳምንቱ አዲስ ካሴት ያመጣለታል። በዚህ ዓመት የኩባና የጎረቤቶቿ ሙዚቃ ዓለሙን ሁሉ ይዞት ነበር አሉ። አዲስ አበባ ወጣቱ ሳልሳ የሚሉትን ጭፈራ ልማር እያለ ይሰለፋል፤ የእኛዎቹ የአውቶቡስ ረዳቶች እንኳ ቃሉን ሳያውቁ ያንጎራጉሩት ነበር። አበረ ዘንድሮ የእኛ ዓመት ነው ይላል። የእኛ የሚለው እኛን ይሁን እነሱን አይታወቅም። እዚያ ኩባ ጥሏት የመጣት የልጁ እናት አለች፤ ዓለም ሁሉ ይህን ሙዚቃ ሲሰማ እሷም ታስታውሰኛለች፣ ዘንድሮ ለደብዳቤዬ መልስ ትጽፋለች ብሎ ነበር የሚጠብቅ።

መስከረም ላይ ቦሌሮ የሚሉትን አሰማኝ፤ ቀስ ያለ፣ የከዳችውን ሴት ደጅ የሚጠና ሰው ሙዚቃ ነው። ጥቅምት ሶን የሚሉት መጣ፤ እሱ ያስጨፍራል። ሁለት አጫጭር ዱላዎች አሉ፣ እርስ በርስ የሚመቱ፤ ሦስት ጊዜ ይመታሉ፣ ያርፋሉ፣ ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ሌላው ሁሉ በእነሱ ይመራል። አምስት ነው ብዬ ቆጠርሁ። አምስቱ ቅንዋተ መስቀል ነው እንግዲህ አልሁ ለራሴ። ለኃጢአት ትርጓሜ አይጠፋለትም፣ የኔታ። እርስዎ ጾም እያደሩ ያስተማሩኝን አንድምታ እኔ ለካሴት ቤት አዋልሁት።

ኅዳር ላይ ሩምባ መጣ። ይኸኛው ክራርም መለከትም የለው፤ ከበሮና የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ያቺ ምት ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። የግራ እጅ ናት። ትመጣለች ብለው በሚጠብቋት ቦታ አትመጣም። ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ቀጣዩ ሳይደርስ፣ በመካከል ላይ ብቻዋን ትወድቃለች። ሦስት ሳምንት ታገልኋት። የገባችኝ ቀን አበረ ከመቀመጫው ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ እኔም እንደ ልጅ አለቀስሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔን እያስለቀሰም ወሰደኝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለጥምቀት ስናጠና፣ ወይራው ሥር፣ አስታወሱ? ወረቡ ወደ ጽፋቱ፣ ወደ ፈጣኑ ምት፣ ሲገባ እጄ አመለጠችኝና መታኋት። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም መቋሚያዎ ጀርባዬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እርስዎ የአንዲት ፀጉር ስሕተት የማያሳልፉ ሰው፣ ቀጥል አሉኝ። ያን ቀን ስንቱን ነገር አሰብሁ! ጆሯቸው ደከመ አልሁ፤ አረጁ አልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝም።

የጥምቀቱን እርስዎም ያውቁታል፤ ግን ከእኔ በኩል ይስሙት። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ፀሐይዋ ስትከር፣ ከበሮው ደረቴ ላይ ሆኖ ልቤና እሱ አንድ ሆኑብኝ። መታኋት። አንድ ጊዜ ቢሆን እጄ ሳተ ይባል ነበር። በየዙሩ መታኋት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ እጅ ሲከዳ ከምን እንደሚብስ የሚናገር ተረት አላገኘሁም።

ታቦቱ ገብቶ ደጀ ሰላም እንደተቀመጥን፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እየታደለ ሳለ፣ መሪጌታ እንዳላማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጉባኤው አለቃ እሳቸው ናቸውና ሁሉም ዝም አለ። የከበሮው ምት ጌታ በጲላጦስ አደባባይ የተመታው ምሳሌ ነው፣ ቁጥሩንም አባቶች ወስነው አስረክበውናል አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው፣ ዛሬ ለጌታ አንድ ጥፊ የጨመረለት ማን ነው ብለው ጠየቁ። ዳቦው አፌ ውስጥ ነበር፤ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። እርስዎ ከጎኔ ሆነው ቁራሽዎን አስቀመጡና፣ ምቷ የእኔ ናት፣ ልጁ የመታው የእኔን ነው አሉ። መሪጌታ እንዳላማው ከማን ተማሯት ቢሉዎት፣ ካገኘኋት አገኘኋት አሉ። እኔም ዳቦዬን ዋጥሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ስለእኔ የዋሹ መስሎኝ ኖርሁ። አንድ ቀን ጠርተው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እናዘዝ ነበር እላለሁ አሁን። እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ወደ መጋቢቱ ልምጣ።

ጉባኤው በእርስዎ ጉዳይ ሊቀመጥ ሦስት ቀን ሲቀረው መሪጌታ እንዳላማው አስጠሩኝ። በቁጣ አይደለም፤ ቆሎ አቅርበው፣ ልጄ ብለው ነው የተቀበሉኝ። ጉንደ ወይን አካባቢ ያለ አንድ ደብር መሪጌታ ይፈልጋል፣ አንተን አስቤሃለሁ፣ የመምህርነት ምስክር ወረቀትህም በቶሎ ማኅተም ይደረግበታል አሉኝ። ቀጥለውም፣ እንደ ዋዛ፣ ካሴት ቤት ገብቶ የሚወጣ ዲያቆን አለ ብለው ሰዎች ያወራሉ፣ እኔ ግን አላመንሁም አሉ። ማለፊያ ወጥመድ ነው። አጥማጁም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ጉባኤው ፊት ስቆም ዐቢይ ጾም ነውና ከበሮ አይነካም፤ በጭንህ መትተህ አሳየን አሉኝ። ያን ሁሉ ሊቅ ፊት ተንበርክኬ ጭኔን መታሁ። ያቺንም መታኋት። ይህን ያስተማሩህ የኔታ ናቸው ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

አዎ አልሁ።

የእሳቸውን ቃል ማጽናቴ ነው፣ እሳቸው ያሉትን ነው ያልሁት እያልሁ ራሴን ስሸነግል ከረምሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለክህነቴ ነው፤ የተመኘሁት ጉንደ ወይንን ነው። ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ አላውቀውም ብሎ ማለ እንጂ ጌታውን አሳልፎ አልሰጠም። እኔ አዎ ብዬ ሰጠሁዎ። ወንበርዎን ይልቀቁ የሚለው ፍርድ ሲነበብ ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ሲወጡ በአጠገቤ አልፈው እጅዎን ራሴ ላይ አሳረፉ። ምነው በረገሙኝ! ያ እጅ እስከ ዛሬ ራሴ ላይ አለ።

ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ከደብሩ ወጥተው ወደ ዲማ ሲሄዱ ተማሪው ሁሉ እስከ መንገዱ ሸኘዎ፤ መጽሐፍዎን አንዱ፣ ስልቻዎን አንዱ ይዞ። ያ ልጅ የት ሄደ ብለው ጠይቀው ነበር አሉ። ጎጆዬ ውስጥ ነበርሁ። በሩን ዘግቼ፣ ጥሻ እንደገባ ሰው ትንፋሼን ውጬ፣ ጃንጥላዎ መሬቱን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ እየሰማሁ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ያጎረሰኝን ሰው ደህና ይግቡ ሳልለው ቀረሁ።

ከጥምቀት ወዲህ አበረ ዘንድ ደርሼ አላውቅም ነበር። ግንቦት ላይ ራሱ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ቅጽሩ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ልቆጣው ስል፣ ሽማግሌው ደህና ናቸው ወይ አለኝ። የቱ ሽማግሌ? አልሁት። ጥቁር ጃንጥላ የሚይዙት፣ ሙዚቃ ሲሰሙ በግራ ጆሯቸው የሚያዘነብሉት አለኝ። የኔታ፣ እርስዎ ነዎት!

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ በማልመጣበት ቀን፣ ይመጡ እንደነበር ነገረኝ። መጀመሪያ ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር አለ። እርስዎ ግን የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡና፣ ያ ልጅ የሚማረውን አሰማኝ አሉት። ሩምባውን አሰማዎ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ በሚቀጥለውም። አንድ ቀን፣ ይህን የሚመቱት ለሠርግ ነው ለለቅሶ ብለው ጠየቁት። አበረ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እንደምንም አስረዳዎ፤ የእነዚህ ሰዎች አያቶች ከእኛው ምድር፣ ከአፍሪካ፣ በሰንሰለት ታስረው በመርከብ ተጭነው የሄዱ ናቸው፤ ሸንኮራ ሲቆርጡ ነው የኖሩት፤ ጌቶቻቸው ከበሮ ሲከለክሏቸው ሣጥን እየመቱ፣ ጠረጴዛ እየመቱ፣ ጸሎታቸውን በእጃቸው ደብቀው አቆዩት አለዎ። እርስዎ ስንት ጊዜ ተገረፉ ብለው ጠየቁት። ማን ቆጠረው አለዎ። ካልተቆጠረማ አንዲት ትበቃለች ብለው ጃንጥላዎን አንሥተው ወጡ። ይህ የሆነው ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ነው።

አበረ ምን ማለታቸው ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ቅጽሩን ተደግፌ ቁጭ አልሁ።

ልንገርዎ፣ ተቆጥቻለሁም። ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ተቆጥቻለሁ! ለምን አልነገሩኝም? እኔ የታመመ ዘመድ እያልሁ ስዋሽ፣ ምሕረቱን ያምጣለት እያሉ ሲሰዱኝ፣ ሁሉን ያውቁ ኖሯል። አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ቢነግሩኝ እኔ ያን ጉባኤ ፊት ሌላ ሰው ሆኜ እቆም ነበር። ይህንንም የምለው ጥፋቱን ወደ እርስዎ ለማስጠጋት እንደሆነ ይገባኛል። እርስዎ ያጠፉት ነገር ቢኖር እኔን ከእኔ በላይ ማመንዎ ነው።

ሰኔ ላይ ምስክሬ ማኅተም ተደረገበት። በዚያው ሰሞን አበረ ካርቶኑን ከግድግዳው ገነጠለው፤ ግንቦት ድረስ ተጽፎበት ነበር። ወደዚያ አገር የላከው ደብዳቤ ባለቤቱ አልተገኘም ተብሎ፣ ሳይከፈት ተመልሶለት ነበር። ዓለም ሁሉ ሰማ፣ እሷ አልሰማችም አለኝ። ሁለታችንም ካሴት ሳናስገባ ጓዳው ውስጥ ዋልን። ከእሱ ጋር ሳልዋሽ የዋልሁት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መሪጌታ እንዳላማው መጡና ጉንደ ወይን ቀርቷል አሉኝ። ደንግጬ ሳልጨርስ፣ እዚሁ በየኔታ ወንበር ትቀመጣለህ አሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የምወደውን ሰው ነው ውረስ የተባልሁ። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ነሐሴ አንድ ቀን፣ ተማሪና ካህን ተሰብስቦ፣ ያቺን ምት ትመታለህ፣ ይህ የኔታ እገሌ ያመጡት ስሕተት ነው ብለህ ስማቸውን ትጠራለህ፣ ከዚያ ትክክለኛውን መትተህ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ አሉኝ።

እሺ አልሁ። አዎን፣ እሱንም እሺ አልሁ! የምነግርዎ የመጨረሻው ውርደቴ ይኸ ነው። ለካባው ትከሻዬን ሲለኩኝ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

ሐምሌ ሠላሳ ቀን ወንበሩን ላጸዳ ገባሁ። አጎዛው ላይ ጉልበትዎ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ወጥቷል። ልቀመጥበት ሞከርሁ። የኔታ፣ አልቻልሁም። እግዚአብሔር ያያል፣ ወገቤን ማጠፍ አልቻልሁም። ምስክሬን አውጥቼ አጎዛው ላይ አኖርሁት። ከሥሩ በወረቀት፣ ማክሰኞና ሐሙስ የት ስውል እንደከረምሁ፣ ምቷን ከማን ቤት እንደሰማሁ፣ በመጋቢት ጉባኤ የመሰከርሁት ለሆዴና ለፍርሃቴ እንደሆነ ጽፌ በስሜ ፈረምሁ። አበረን አስፈቅጄዋለሁ፤ ጻፍ፣ እኔ ምን ቀረኝ ነው ያለኝ። ፊት ለፊት ቆሜ ለመናገር ግን ወኔ አልነበረኝም፤ ጀግና አድርገው እንዳይገምቱኝ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ከበሮ እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ቅስናውም፣ ካባውም፣ የሰውም ፊት ከዚያ ቀርቷል። ከሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ሁለት እጄ ነው፤ እነሱንም አላምናቸውም።

የምለምንዎ ነገር አለ። ይቅርታ አይደለም፤ እሱን ለመለመን አፍ የለኝም። እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ። ከፊደል ይሁን ካሉ ከፊደል፣ ውኃ ቅዳ ካሉ ውኃ፣ እንጨት ስበር ካሉ እንጨት። ከበሮ አትንካ ካሉኝም አልነካም። ብቻ እርስዎ በሚያስተምሩበት ግቢ ውስጥ፣ በአንዱ ጥግ ልሁን። ሌላ የምሄድበት የለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አባይ በረሃ ልውረድ እያልሁ ሳስብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እርስዎ አይጠይቁኝ።

ይህን ወረቀት የሚያደርሱልዎ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ናቸው። ከየት አመጡት ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ እሳቸውን አያድክሙ፣ እኔው ልንገርዎ። እስከ ብቸና በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሬ መጥቼ ከነሐሴ ሁለት ጀምሮ እዚሁ ዲማ ነኝ። ለፍልሰታ ሱባኤ ከመጣው ሕዝብ ጋር፣ ከማስተማሪያ ጎጆዎ በታች፣ ከካቡ ውጭ ተቀምጫለሁ። እማሆይ ቆሎ ሰጡኝ፤ ማን ነህ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።

ትናንት ከቀትር በኋላ ለደብረ ታቦር በዓል ወረብ ሲያስጠኑ ሰማሁ። ድምፅዎን ስሰማ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንሁ። ተማሪው ከበሮውን አባቶች እንደወሰኑት፣ ቀጥ አድርጎ፣ አሳምሮ መታው። አስቆሙት። እንደገና መታው፤ እንደገና አስቆሙት። ግራህስ? አሉት። በሦስተኛው ግራ እጁ መጣች፤ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ቀጣዩ ሳይደርስ። አሁን ሆነ አሉት።

የኔታ፣ እዚህ ዝናቡ አላባራም። ይጥሩኝ።

ባይጠሩኝም ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ብርሃንዎን አይንሣብኝ፣ ያስተማሩት ሁሉ እንደ እኔ አይሁንብዎ።

ደጅዎ ላይ ያለው ልጅዎ